ምዕራፍ ስድስት፦ ምልክቱ ምንድነው?

በስልክ ከሚጫወቱት ጨዋታዎች መካከል ተቀምጠው የማይጫወቷቸው አሉ። ተጫዋቹ ጫማውን አስሮ ከቤት መውጣት አለበት። ስልኩ በሳተላይት አማካይነት ባለቤቱ የት እንደቆመ ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ የሰፈሩ ካርታ ይዘረጋል፤ ካርታው ላይ እዚህም እዚያም ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ወደ አንዱ ነጥብ ሲጠጉ ይከፈትና የጨዋታውን ስንቅ ይሰጣል። ካልተጠጉ ምንም የለም። ከእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ፖኪሞን ጎ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጥቡን ለመክፈት እስከ 40 ሜትር ድረስ መጠጋት ያስፈልግ ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ርቀቱ ወደ 80 ሜትር ሰፋ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ድሮው ልመልሰው ቢል ተጫዋቾች ከዳር እስከ ዳር ተቃውመው 80ውን አስጸኑት።

ጨዋታው የቆመው በነጥቦቹ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ የግድ ይመጣል፦ ከአንድ ሰፈር ውስጥ ነጥብ ሊሆን የሚገባው የቱ ቦታ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ? ሐውልቱ? ገበያው? ወይስ በየከተማው አንድ ዓይነት ሰሌዳ የሰቀለው በርገር ቤት? ጉዳዩ የልጆች ይመስላል፤ እኔ ግን እንደዚያ ብዬ አላልፈውም። ዛሬ ካርታ ላይ የተጻፈ ቦታ ይታወቃል፣ ይጎበኛል፣ ገንዘብም ይመጣለታል። ያልተጻፈው ለማያውቀው ሰው እንደሌለ ነው። ከጣርማ በር ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛ ስልኩን ቢከፍት የሚያየው አብዛኛው ባዶ መሬት ነው። መሬቱ ግን ባዶ አይደለም። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት መረዳት የሚቻለው ነጥቦቹ እንዴት እንደተመረጡ ሲታወቅ ነው።

ጨዋታውን የሠራው ናያንቲክ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ጆን ሃንኪ የካርታ ሰው ነበር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 የገዛውና ጉግል ኧርዝ የተባለውን ፕሮግራም ያስገኘው ኪሆል የእሱ ኩባንያ ነው። ሃንኪ ጉግል ውስጥ እያለ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንግረስ የሚባል ጨዋታ ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሰው በየቀኑ እያለፈ ልብ ያላለውን ሐውልት፣ የግድግዳ ሥዕል፣ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ቆም ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች በአሜሪካ መንገዶች ዳር ከቆሙት የታሪክ ሰሌዳዎች መዝገብ ተወሰዱ፤ ቀሪዎቹን ተጫዋቾች ራሳቸው ፎቶ እያነሱ አቀረቡ። ፖኪሞን ጎ በሰኔ ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም. ሲወጣ ነጥቦቹን የወረሰው ከኢንግረስ ነው።

ውርሱ ጉድለትም ነበረበት። ኢንግረስን የተጫወቱት በአብዛኛው ገንዘብም ጊዜም ያላቸው የከተማ ወጣቶች ነበሩ፤ ነጥቡም እነሱ በሚኖሩበት በዛ። እዚያው አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ፣ የኧርባን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቢቆጥሩ ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች በአማካይ 55፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው 19 ነጥቦች አገኙ። በአንዲት ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ኢንግረስ የሚባል ስም ተሰምቶ በማይታወቅበት ደጋማ ወረዳ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ በርገር ቤቱ እንምጣ። ናያንቲክ ለነጥብ መምረጫ ያወጣው መመሪያ በመሠረቱ ቀና ነው። ቦታው ለማየት፣ ለመንቀሳቀስ ወይም ሰው ለመገናኘት የሚመች መሆን አለበት፤ የግለሰብ መኖሪያ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የጦር ካምፕ አይፈቀድም። በየከተማው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኝ ሱቅና ምግብ ቤትም፣ የተለየ ነገር ከሌለው በቀር፣ ተቀባይነት የለውም። ተጫዋች ማክዶናልድን ቢያቀርብ ሌሎች ተጫዋቾች መርምረው ይጥሉታል።

ነገር ግን ፖኪሞን ጎ ጃፓን በገባበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ የማክዶናልድ ምግብ ቤቶች በአንድ ጊዜ ነጥብ ሆኑ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በአሜሪካ 7,800 የስታርባክስ ቡና ቤቶች ገቡ። ማንም አልመረመራቸውም፤ ኩባንያዎቹ ስፖንሰር ነበሩ። ተጫዋቹ በፊት በር ይዞት ቢመጣ የማይገባው በርገር ቤት በጓሮ በር ከነሠራዊቱ ገባ ማለት ነው። እኔ ይህን አሠራር ትክክል ነው ብዬ አልቀበልም። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው፤ ተከፍሎበት ካርታው ላይ ቢቀመጥ፣ ማስታወቂያ መሆኑ እስከተነገረ ድረስ፣ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ከሐውልቱና ከደብሩ ጎን ተሰልፎ “እኔም የዚህ ሰፈር ምልክት ነኝ” ሲል ነው። ምልክትነት በኪራይ አይገኝም።

“የአውሮፓና የአሜሪካ ጣጣ ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ማክዶናልድም ስታርባክስም የለም። ፒዛ ሃት አዲስ አበባ የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ጥያቄውን ከእኛ በላይ የኖረበት አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። አዲስ አበባ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ያላት ከተማ አይደለችም። ሰው ከሰው ጋር የሚቀጣጠረው በምልክት ነው። በስልክ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምልክቱ ምንድነው?” ነው። ስለዚህ የከተማው ነዋሪ ሁሉ፣ ሹፌሩም ረዳቱም ዕቃ አመላላሹም፣ የትኛው ቦታ ምልክት እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን በየቀኑ ሲፈርድ ይውላል። ፍርዱም ከናያንቲክ መመሪያ የጠራ ነው።

ካልዲስን እንውሰድ። ፀደይ አስራት ከሃያ ዓመት በፊት የከፈቱት ይህ ቡና ቤት ዛሬ በከተማው ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ቡናውም አገልግሎቱም ጥሩ ነው፤ እኔም ደንበኛ ነኝ። ነገር ግን “ካልዲስ ጋ ጠብቀኝ” የተባለ ሰው መልሶ “የቱ ካልዲስ?” ማለቱ አይቀርም። ከዚያ “ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ያለው” ይባላል። እንግዲህ የቀጠሮው ምልክት መድኃኔዓለም እንጂ ካልዲስ አይደለም። ራሱን ለማስገኘት ሌላ ምልክት የሚጠራ ቦታ ምልክት አይባልም። ቶሞካ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተው፣ ሰው ቆሞ ቡና የሚጠጣበት አሮጌው ቶሞካ፣ በጨዋታው ካርታ ላይ ያለ አንዳች ማንገራገር መግባት አለበት። በኋላ የተከፈቱት የቶሞካ ቅርንጫፎች ግን አያስፈልጉም። ለማክዶናልድም የምፈርደው እንዲሁ ነው። በካሊፎርኒያ ዳውኒ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በዚያው በ1953 የተከፈተ፣ እስካሁን ካሉት ሁሉ ቀዳሚው የማክዶናልድ ቤት አለ፤ እሱ ታሪክ ነው፣ ይግባ። ሌሎቹ ይቆዩ።

ስለዚህ ቦታውን የሚጥለው ንግድ መሆኑ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ኮካ ኮላ የሚባል አካባቢ አለ። የኮካ ቀለም የተቀባ ሱቅ በአገሩ ሁሉ ሞልቷል፤ አንዱም ግን ለአካባቢው ስም አላወጣም። ስም ያወጣው ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው አንድ ነበርና፣ ሰውም ሠርቶበት ኖሮበታልና። ኦሎምፒያም፣ ኤድና ሞልም፣ ደንበልም የንግድ ስሞች ናቸው፤ ተራ ሆነው ግን አልቀሩም። የእኔ መመዘኛ ይኸው ነው፦ ቤቱ ነገ ቢፈርስ ሰው በስሙ መጥራቱን ይቀጥላል ወይ? በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ አብዛኛው ክፍሉ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የታክሲ ረዳት “ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!” ማለቱን አልተወም። አንድ የበርገር ቤት ቅርንጫፍ ሲዘጋ ግን ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ የጎደለ ነገር የለም።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ደጋው እንውጣ። በመንዝ ገጠር መንገድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ደበሎ የለበሱ ሽማግሌ በግ ሲያግዱ አግኝተህ “አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ወደ ታችኛው መንደር በየት ነው የሚኬድ?” ብትላቸው የሚሰጡህ መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ “እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያቺን ብቻዋን የቆመች ጥድ አየሃት ልጄ? እሷን በግራ ጥለህ ውረድ። ጅረቱ ድልድይ የለው፤ ድንጋይ ድንጋዩን ተሻገር። ወዲያ ማዶ የደብሩ ቆርቆሮ ያበራልሃል፤ እሱን ሳትደርስ ወደ በሩ ታጠፍ።” በሩ ያሉት መዝጊያ ያለው በር አይደለም፤ ገደሉ አፉን ከፍቶ መንገድ የሚሰጥበት ሥፍራ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ አራት ምልክት አለ፦ ዛፍ፣ መሻገሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የገደል በር። አራቱም የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው፤ አራቱም ማንም ሳይከፍልባቸው ትውልድ የተስማማባቸው ናቸው። ከአራቱ ግን የጨዋታው መመሪያ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን።

ምክንያቱ የመመሪያው ሌላ አንቀጽ ነው። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ፏፏቴ፣ ገደል ብቻውን ነጥብ አይሆንም፤ ሰው የሠራው ሰሌዳ ወይም ምልክት ሊኖርበት ይገባል። የሕጉ ዓላማ ይገባኛል። ነጥቡን የሚመረምረው ሰው ብራዚል ወይም ፖላንድ ተቀምጦ ነው፤ ቦታው በእርግጥ መኖሩን የሚያጣራው በፎቶ፣ በሳተላይት ምስልና ጉግል በመንገድ ላይ ባነሳቸው ሥዕሎች ነው። የመንዝን የገጠር መንገድ የጉግል መኪና ሥዕል አላነሳችውም። መርማሪው ሰሌዳ ቢያይ ያምናል፤ ብቻዋን የቆመች ጥድ ቢያይ ምን ይበል? ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ የመብራት ሰሌዳ ያለው፣ በካርታ ላይ አስቀድሞ የተመዘገበ፣ መርማሪው በገዛ ከተማው የሚያውቀው በርገር ቤት ለማረጋገጥ ከሁሉ ይቀላል። ሰሌዳ የሌለው የአገር ምልክት ከሁሉ ይከብዳል።

ጓሳ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከመንዝ ጌራ ምድር ዋና ከተማ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የተንጣለለ የሣር አገር ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎች ከገደሉ ግድግዳ በመቶዎች ሆነው ይወጡና ሣር እየነቀሉ ይቀመጣሉ፤ ቀይ ቀበሮ በጅብራው መካከል አይጥ ሲያደባ ይታያል። የአገሬው ትውፊት እንደሚለው ይህን መሬት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች በፈረስ ሽቅድምድም ተካፈሉት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሁለቱ ዘሮች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠበቁት። አፈሮ የሚባሉ መሪዎች መረጡ፤ ሣሩ እንዲያገግም መሬቱን ለዓመታት ዘጉ፤ የተከፈተ ጊዜ ቤት ክዳኑን፣ ገመዱን፣ የዝናብ ገሳውን ሁሉ ከዚያ አገኙ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከ300 ዓመት በላይ ሰው ተስማምቶ የጠበቀው ቦታ ነጥብ ካልሆነ ምን ነጥብ ይሆናል? እንደ መመሪያው ግን መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ይገባል፤ ፈረሶቹ የሮጡበት ሜዳ አይገባም።

የሌላውን ወገን ክርክር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ቁም ነገር አለውና። በብዙ አገር የገጠር ተጫዋቾች ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች ይግቡልን ይላሉ። በከተማችን ሐውልት የለ፣ የግድግዳ ሥዕል የለ፤ ያለን አንድ በርገር ቤት ነው፣ ልጆቻችን የሚገናኙት እዚያ ነው፣ እሱም ካልተፈቀደ ምን እንጫወት? ይላሉ። ሴቶች ተጫዋቾች ደግሞ ሌላ ያነሳሉ፦ ማታ መብራት ያለው፣ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት፣ መጸዳጃ ያለው ቦታ ከጨለማ መናፈሻ ይሻላል። ይህ እውነት ነው፤ ጨዋታው ለእነሱ መፍትሔ ሊሰጥ ይገባል። መፍትሔው ግን የቦታውን ማዕረግ ማርከስ አይመስለኝም። ጨዋታው ለማረፊያ የሚሆን ሌላ ዓይነት ነጥብ ቢፈጥር፣ በርገር ቤቱም ማደያውም እዚያ ቢመዘገቡ፣ ሁሉም በየስሙ ይጠራል።

በእኛ ደጋ የዚህ ክርክር መልክ ይለወጣል። በመንዝና በመርሐቤቴ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት የለም፤ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ባንክ ግን አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአገሩ ከ1,900 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። አዲስ አበባ ላይ “ንግድ ባንክ ጋ” ብሎ መቀጣጠር ከንቱ ነው። በትንሽ የወረዳ ከተማ ግን ንግድ ባንኩ ለብዙ ዓመት አንድ ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ ሰውም እሱን ጠቅሶ መንገድ ያሳያል። ታዲያ እዚያ ምልክት ሆነ ማለት ነው? ለመንገድ ማሳያ አዎን። ለጨዋታው ነጥብ ግን አይበቃም፤ ሁለተኛው ባንክ በተከፈተ ማግሥት፣ ወይም ቅርንጫፉ ኪራይ ተወዶበት ወደ ሌላ ሕንፃ በዞረ ጊዜ፣ ምልክትነቱ ያበቃል። በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል እንዲህ አይደለም። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ያቋቋሙት ‘ሰዎች ለሰዎች’ ድርጅት በመርሐቤቴ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ቦታውን ከሕዝቡ ታሪክ መለየት አይቻልም። ሆኖም ጨዋታው የሕሙማንን መተላለፊያ እንዳይዘጋ ነጥቡ ከግቢው ውጭ፣ ከከተማው በኩል ቢቀመጥ ይሻላል።

ይህን ስል ሌላ ጥንቃቄ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦሽዊትዝ ሙዚየምና የአርሊንግተን መካነ መቃብር ተጫዋቾችን “እዚህ አትጫወቱ” ብለው መጠየቅ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ በካሊፎርኒያ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ ሲሄዱ ከባሕር ዳር ገደል ወድቀው ተጎድተዋል። የእኛ ደጋ ደግሞ ገደልም ገዳምም የበዛበት ነው። የሚዳው አቡነ መልከ ጼዴቅ ገዳም፣ የመንዙ አርባራ መድኃኔዓለም፣ ለሥጋም ለነፍስም ፈውስ የሚፈለግባቸው ናቸው። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ባለበት ስልክ ደግኖ መቆም ነውር ነው። ስለዚህ የደብር ነጥብ ሲቀርብ ሰበካ ጉባኤው ይጠየቅ፤ ቢፈቅድ ነጥቡ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከመግቢያው ደጃፍ ላይ ይሁን፤ ባይፈቅድ ይቅር። የጣርማ በር ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ነው፤ ታሪክ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከባድ መኪና በጨለማ የሚያልፍበት ነውና ነጥቡ አሻግሮ ቆላውን ለማየት ሰው በሚቆምበት በምኒልክ መስኮት በኩል ይሁን፤ እዚያም ከገደሉ ጫፍ ራቅ ብሎ።

ይህ ሁሉ የኢንተርኔት መኖርን የሚጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ግጭት ባለበት አገር ልጆችን “ስልክ ይዛችሁ ሜዳ ለሜዳ ዙሩ” ማለትም አይቻልም። ሰላም ሲሆን ግን ካርታውን የሚሞላው ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም የአገሬው ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2025 ከናያንቲክ ሌሎች ጨዋታዎች ጋር ስኮፕሊ ለተባለ የሳዑዲ ገንዘብ ላለው ኩባንያ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ስፖንሰር የሚሆን አዲስ ኩባንያ መፈለጉ አይቀርም። ቀድሞ የተሞላ ካርታ ግን ለመለወጥ ይከብዳል።

እንግዲህ የመሐል ሜዳ ወይም የራቤል ተማሪ ነጥብ ላቅርብ ቢል የት ይጀምር? እኔ ብሆን ከመናኸሪያው ዳር ካለችው ምግብ ቤት እጀምራለሁ። በየወረዳው ከተማ እንዲህ ያለች አንድ ቤት አትጠፋም። አውቶቡስ ሲገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚደርስባት፣ ጎህ ሳይቀድ ምድጃዋ የሚነድ፣ ሸምጋዮች የሚቀመጡባት፣ የለቅሶ ወሬ የሚነገርባት፣ ሰው ዕቃውን አደራ ብሎ የሚሄድባት ናት። የባለቤቷ ስም የቤቱም ስም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰሌዳም የላትም። መመሪያው “ሰው የሚገናኝበት” ያለው ይህችን ነው። ነገር ግን ፎቶዋ ብቻ ቢላክ ፖላንድ ያለው መርማሪ ተራ የጭቃ ቤት አድርጎ ይጥላታል። ስለዚህ ከፎቶው ሥር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ቤቱ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ ከየትኞቹ መንደሮች የሚመጣ ገበያተኛ እንደሚያርፍበት፣ በምን ወጥ እንደሚታወቅ፣ ሰው “የእገሊት ቤት ጋ” ብሎ መንገድ ማሳየት ከጀመረ ስንት ዓመት እንደሆነ። ባለቤቷ አስቀድማ ትጠየቅ፤ ተጫዋች ወንበር ይዞ የሚውልባት ከሆነ ገበያዋ ይጎዳልና። ፎቶውም ከገበያ ቀን በስተቀር ባለ ቀን ይነሳ፤ በገበያ ቀን ደጃፉ በአህያና በጭነት ተሸፍኖ ቤቱ አይታይም።